በመቶ የተከፈተ በር

በመኖሪያ ቅንብር ቢሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ማንም የማይኖርበት አንድ ቤት አለ። ሳሎን፣ መኝታ ክፍል፣ ኩሽና፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ቬንትሌተር፣ ሁለት ቧንቧ፣ ሦስት መብራት። መስኮቱ ሥዕል ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ የዚህ ቤት እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ በሽተኛና እንግዳ እኔ ነኝ። የምተዳደርበት ሥራ ይኸው ነው።

ጠዋት ስገባ አባት እሆንና «ከሦስት ሰዓት በኋላ ውሃ ይዘጋ» ብዬ እጽፋለሁ። ቀጥዬ ከተማ እሆንና «ውሃ አይዘጋ» እላለሁ። ከዚያ ቧንቧውን እከፍታለሁ። ካፈሰሰ ከተማ አሸንፋለች፤ ካላፈሰሰ አባት አሸንፏል። ውጤቱ ደንቡ ከሚለው ጋር ከገጠመ መዝገቡ ላይ «አልፏል» ብዬ እፈርማለሁ፣ ካልገጠመ «ወድቋል»። አንዳንድ ቀን በሽተኛ እሆናለሁ። መብራት እንዳይጠፋብኝ አዝዤ አልጋው ላይ እተኛለሁ፤ ተነስቼ ከተማ ሆኜ አጠፋዋለሁ፤ ተመልሼ እተኛና ጣራ ጣራውን እያየሁ እጠብቃለሁ። በወር ስልሳ ሰባ ጊዜ ያህል እታመማለሁ። እስካሁን አልሞትኩም።

እያንዳንዱ ትዕዛዝ ቁጥር አለው፤ ሁለት ሲጋጩ ትንሹ ቁጥር ያሸንፋል። ይህን በሸለቆ ከተማችን በገነት ውሃ የተወለደ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ማንም ምንም ሳይል በፊት የነበረው ሺህ ነው። ሰው በቤቱ የሚያዘው መቶ። ከተማ የምታዘው ሰባ። ሃምሳ ግን የእድር ነው። ከተማዋ ስትቆረቆር የተፈረመው ውል «በሞትና በሕመም ጉዳይ እድር ከከተማ ይቀድማል» ይላል። ያንን አንቀጽ ያስገቡት ሽማግሌዎች ጠበቃ አላቆሙም። ይህ ካልተጻፈ ወደ አዲሶቹ ብሎኮች አንገባም ብለው ድንኳን ጥለው ሁለት ሳምንት ተቀመጡ፣ ተጻፈላቸው።

ችግሩ የመጣው ከስም ነው። ቢሮው አንድ ቀን የሁሉን ነገር ስም ቀየረ። እድሮቹ «የሕመምተኛ መብራት» የሚሉትን እሱ «ወሳኝ ጭነት» አለው። አብዛኞቹ እድሮች እሺ ብለው ደብተራቸውን አስተካከሉ። የእኛ፣ የብሎክ አርባ ሁለት እድር፣ እምቢ አለ። ዳኛችን ጋሽ ማንያዘዋል አዲሱን ስም ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው፣ የታመመችው ጎረቤቴ እንጂ የጭነት መኪና አይደለችም ብለው ደብተሩን ዘጉ። እንደኛ ያመጹ ሌሎች አሥራ ስድስት ብሎኮች ነበሩ። ቢሮው ከሽማግሌ ጋር መጨቃጨቅ ስለማይወድ ድልድይ ሠራ፦ በድሮው ስም የተጻፈ ትዕዛዝ በድልድዩ ተሻግሮ በአዲሱ ስም እንዲፈጸም። ማንም ደብተሩን እንዲቀይር አይገደድም።

የሚፈተሸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ትዕዛዙ ሲሻገር ቁጥሩን ይዞ ይሻገራል ወይስ ጥሎት?

የመዝገብ ቁጥር 4117። ዓመተ ምሕረት 2082፣ መጋቢት። ፈታሽ፦ ኢንጂነር ነቢዩ ስመኝ። ውጤት፦ አልፏል።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሙቀቱ አርባ አምስት ገባ። ከተማዋ በሰባ አዘዘች፦ ከሰባት ሰዓት እስከ ሰባት ከአርባ፣ በቀን አርባ ደቂቃ፣ የየቤቱ መብራት ይቋረጣል። እናቴ አልጋነሽ የሸለቆው አቧራ ሳንባዋን በልቶት በኦክስጅን ማሽን ነበር የምትተነፍሰው። እኛ አልደነገጥንም። እድሩ ገና ከጥር ጀምሮ «የአልጋነሽ የሕመምተኛ መብራት አይቋረጥ» ብሎ በሃምሳ ጽፎላት ነበር። እንዲያውም እማዬ የዕለቱን ማስታወቂያ ስትሰማ ስቃ፣ ዛሬ በሰፈሩ መብራት ያላት ባለጸጋ እኔ ብቻ ነኝ አለች።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። የማሽኑን ማጣሪያ ከምድር ቤቱ መድኃኒት ቤት ልቀበል ወረድኩ። ስመለስ ሰባት ሰዓት ሲሞላ ስድስተኛውና ሰባተኛው ፎቅ መካከል ሊፍቱ ቆመ። ማጣሪያው በእጄ ነበር። አላለቀስኩም፣ አልጮህኩም፤ የእሷ መብራት አይጠፋም ብዬ አምን ነበር። ግድግዳው ላይ የነበረውን የጥገና መመሪያ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አርባ ደቂቃ ረጅም መሆኑን ያወቅኩት ግን ኋላ ነው።

የማሽኑ ባትሪ ለሃያ ደቂቃ ይበቃ ነበር። ሃያ ደቂቃ ባትሪ፣ ሃያ ደቂቃ ምንም።

በሠልስቷ ዕለት እድሩ በግቢው ድንኳን ተሰበሰበ። ኢንጂነር ነቢዩ ያኔ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር የእድሩ አባል ነበር፤ የቢሮው ሰው እሱ ስለሆነ እንዲያስረዳ ተጠየቀ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቆመ። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

«ድልድዩን የፈተሽኩት እኔ ነኝ» አለ። «የእድሩን ሃምሳና የከተማዋን ሰባ ራሴ አጋጭቻቸዋለሁ። ሃምሳው አሸንፏል። ስለዚህ መብራቱ ሊጠፋ አይችልም። ምናልባት ልጅቷ ማሽኑን ከሶኬት ነቅላው ይሆናል። ልጅ ናት፣ አይፈረድባትም።»

አይፈረድባትም። ከሁሉም እሷ ቃል ናት ያቃጠለችኝ። ሰው ሁሉ አንዴ ዞር ብሎ አየኝ፤ ከዚያ እንዳላየ ሆነ። ማሽኑን ለምርመራ ብለው ወሰዱት፣ አልተመለሰም። ማታውን ወሬው እግር አውጥቶ ስልኬን ቻርጅ ላደርግ ነቀልኩት ተባለ።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም ፊት ለፊት ክፉ አልተናገረኝም። ይልቅ ሕመምተኛ ልጠይቅ አንድ ቤት ስገባ፣ ከቤተሰቡ አንዱ ቀስ ብሎ ተነስቶ ሶኬቱ አጠገብ ይቆማል። እጁን አጣምሮ፣ እንደ ዋዛ። ስወጣ ይቀመጣል።

ያመኑኝ ጋሽ ማንያዘዋል ብቻ ናቸው። እሳቸውም በሙሉ ያመኑኝ አይመስለኝም፤ ግማሽ ልባቸው ነበር። በዚያ ቀን በእድሩ ደብተር በሃምሳ የጻፉት ትዕዛዝ ግን እንዲህ ይላል፦ «ነቢዩ ስመኝ በድንኳን የተናገረው ሐሰት ሆኖ በተገኘ ዕለት ከእድር የወጣ ይሁን፤ የግቢው በር አይከፈትለት። ይህን ለማንሳት የምትችል የተበደለችው ብቻ ናት።» እሳቸው ዳኛ ናቸው፤ ባይሆንስ የሚለውን ብቻ ሳይሆን ቢሆንስ የሚለውንም ይጽፋሉ።

እኔ ደግሞ ማወቅ ፈለግኩ። የማሠልጠኛ ተቋም የሚያስገባኝ ሰው አልነበረም። በዘጠነኛ ፎቅ ኮሪደር ያለውን የብሎኩን ሳጥን ከፍቼ፣ ከላዩ የተለጠፈውን ንድፍ ከታች ካሉት ሽቦዎች ጋር እያስተያየሁ፣ የጥገና ሠራተኞች ጥለውት የሄዱትን መመሪያ ሁሉ እየለቀምኩ፣ ስድስት ዓመት ተማርኩ። ቢሮው ክፍት ፈተና ሲያወጣ ገብቼ አንደኛ ወጣሁ። የተቋሙ ልጆች የኮሪደር ምሩቅ ብለው ስም አወጡልኝ። አዎ አልኳቸው፤ ኮሪደር ላይ ከጎን መልሱ የሚኮረጅ ሰው የለም።

በሙከራ ቤቱ የመጀመሪያ ሳምንቴ 4117ን ከመዝገብ አወጣሁት። የወረቀቱ ፊት ያማረ ነው። ከጀርባው ሙከራው ራሱ ደቂቃ በደቂቃ ተመዝግቧል። ሦስት ሰዓት ከአሥር፦ በድሮው ስም፣ በሃምሳ፣ «መብራት ይብራ»። ሦስት ሰዓት ከአሥራ አንድ፦ መብራቱ በርቷል። ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት፦ ተፈርሟል።

ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ሰውየው በሽተኛ ሆኖ መብራት አብርቷል፤ ከተማ ሆኖ ግን አላጠፋውም። ሁለት ትዕዛዝ አላጋጨም። ብቻውን ሮጦ አንደኛ ወጣ።

እኔ ተጋጣሚ አቀረብኩለት። በድሮው ስም በሃምሳ አበራሁ፣ በከተማ ስም በሰባ አጠፋሁ፣ አልጋው ላይ ተኛሁ። ክፍሉ ጨለመ። የድልድዩን ማዶ ሳየው ትዕዛዜ ደርሷል፣ ቁጥሩ ግን ሃምሳ አይደለም። ድልድዩ የመጣለትን ሁሉ መቶ እያደረገ ነው የሚያሻግረው። መቶ ከሰባ ጋር ሲጋጠም ምን እንደሚሆን ሕፃን ያውቃል። ለረጅም ጊዜ አልተነሳሁም። ስነሳ «ወድቋል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ስህተት ሲገኝ ድልድዩ የሚስተካከለው መጀመሪያ የፈተሸው ሰው ሲፈርም ነው፤ የቢሮው ደንብ ነው። መጀመሪያ የፈተሸው ሰው ደግሞ አሁን የፍተሻ ክፍሉ ኃላፊ፣ የእኔ አለቃ ነው። ወረቀቴ «ባለበት ይቆይ» ተብሎበት ተመለሰ። በሁለተኛው ዓመትም። በሦስተኛውም።

የ4117ን ጀርባ ግን በመጀመሪያው ዓመት ለጋሽ ማንያዘዋል ወስጄ ነበር። በአጉሊ መነጽር አንድ ሰዓት አነበቡት። ደብተሩን አምጥተው «ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል» ብለው ከታቹ ጻፉ። ሁለታችንም በማግስቱ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን በሩን ስንጠብቅ የኢንጂነር ነቢዩ መኪና መጣ። በሩ ተከፈተለት። በመስኮት እጁን አውጥቶ ሰላም አለን።

ለካስ «ከእድር የወጣ» የሚለውም የድሮ ስም ነው። በዚያው ድልድይ ሲሻገር ሃምሳውን ጥሎ መቶ ሆነ፤ ለቢሮ ኃላፊ ደግሞ በር ሁሉ በሰባ ይከፈታል። እናቴን የገደለው ስህተት ለገዳይዋ ከለላ ሆነ። ጋሽ ማንያዘዋል ነገሩን ሳስረዳቸው ፈሪ ሰው ዕድሉ አያልቅም ብለው ገቡ። ለሌላው አባል ብንናገር ደግሞ ወረቀቱን ራሷ አምጥታ ራሷ አነበበች ይባላል። ቢሮው ካላመነ እድሩ አያምንም።

ኢንጂነሩ ከዚያ በኋላ በኃላፊነቱ የቪላ ቤት አግኝቶ ከግቢው ወጥቷል። አባልነቱን ግን አልተወም። ሰው ቤት ይቀይራል እንጂ እድር አይቀይርም፤ በቪላዎቹ በኩል ደግሞ እድር የሚባል ነገር የለም። ከሁለት ዓመት በፊት እናቱን እማማ ዘርፈሽዋልን ከገጠር አምጥቶ እኛ ብሎክ፣ ስምንተኛ ፎቅ፣ ቁጥር አራት አስገባቸው። እሳቸው ናቸው የመረጡት፤ እድር በሌለበት ሰፈር አልሞትም አሉ። ሳቂታ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ ቁርስ በልተሽ ነው የምትወጪው ይሉኛል። አልበላሁም ካልኩ ከነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ይፈቱልኛል። የልጃቸውን ፊት በእሳቸው ፊት ላይ እያየሁ ቆሎውን እቆረጥማለሁ። አምና ክረምት ሳንባቸው ታመመ። እድሩ በድሮው ስም፣ በሃምሳ፣ የሕመምተኛ መብራት ጻፈላቸው። የእናቴ ዓይነት ማሽን ገባላቸው።

ለዘጠኝ ዓመት የመብራት ቁጠባ አልነበረም። ዘንድሮ ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ተበላሸ፣ ሙቀቱም አርባ ስድስት ገባ። ማስታወቂያው ሚያዝያ ስድስት ቀን ወጣ፦ ከሚያዝያ አሥራ አንድ ጀምሮ፣ ከሰባት እስከ ሰባት ከአርባ።

በማግስቱ ኢንጂነር ነቢዩ ሙከራ ቤቱ መጣ። በሩን ከውስጥ ቆለፈው። ወንበር እያለ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ማንያዘዋል ዘንድ ሄዶ ለእናቴ በአዲሱ ስም ይጻፉላት ብሎ ለምኖ እንደነበር ነገረኝ፤ እሳቸውም ስም የሚቀየረው በጠቅላላ ስብሰባ ነው፣ ስብሰባው የወሩ መጨረሻ ነው ብለውታል። ሆስፒታል አልጋ የለም። ባትሪው ሃያ ደቂቃ ነው። ይህን ሁሉ ለእኔ ያስረዳኛል።

«አንድ ቤት ብቻ ነው» አለ። «ስምንተኛ ፎቅ፣ ቁጥር አራት። ለእሷ ብቻ ሃምሳው እንዳይወድቅ አድርጊልኝ። ሌላውን አትንኪ። በጽሑፍ አይሁን።»

እችል ነበር። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

«እናቴ ናት፣ ፋንታነሽ።»

በሦስት ዓመት ውስጥ ስሜን ሲጠራ መጀመሪያው ነው። እስከዚያች ቀን «አንቺ» ነበርኩ።

«አውቃቸዋለሁ» አልኩት። «ቆሎ ያበሉኛል።»

እንዲያስብበት ሳይሆን እንዳስብበት ሁለት ቀን ጠየቅኩት። የማሰቤን ነገር ላሳምረው አልፈልግም። የመጀመሪያውን ቀን ያሰብኩት ምንም ላለማድረግ ነው። ሥራዬን እየሠራሁ ቁጭ ብል፣ እጄን ባላነሳ፣ ቀኑ በራሱ ይመጣል። እሱም ሠልስት ይቀመጣል። ምናልባት ማሽኑን የነቀለ ሰው ይኖር ይሆናል ብዬ በለስላሳ ድምፅ እናገር ነበር፤ ቃሉን ሁሉ ተለማምጄዋለሁ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት እማማ ዘርፈሽዋል ደረጃው ላይ አልነበሩም። ወጥቼ አየኋቸው። አፍንጫቸው ላይ ቱቦ አለ። የምታስታምማቸው ሴት ተነስታ ሶኬቱ አጠገብ ቆመች። እሳቸው ግን ተቆጧት፤ ተቀመጪ፣ ልጅቷን አታሸማቅቂያት አሏት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ቁርስ በላሽ ወይ አሉኝ።

ከእሳቸው ጋር ጉዳይ የለኝም። ጉዳዬ ከማን ጋር እንደሆነ አውቃለሁ።

ሚያዝያ ዘጠኝ ኢንጂነሩን ሙከራ ቤት ጠራሁት። አንድ ቤት ብቻ የሚባል ነገር የለም አልኩት፤ ወይ ድልድዩ በሙሉ ይስተካከላል፣ ወይ ምንም። መጀመሪያ ግን ይተኙ አልኩት።

«ምን?»

«አልጋው ላይ። በሽተኛው እርስዎ ነዎት። ከተማ እኔ ነኝ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሳይደረግ የቀረውን እናድርግ።»

ጫማውን ሳያወልቅ ተኛ። በድሮው ስም፣ በሃምሳ፣ መብራቱ እንዳይጠፋ አዘዘ። እኔ በሰባ አጠፋሁት። ጨለማው ውስጥ ሲተነፍስ ይሰማኛል። በቃ እስኪል ጠበቅኩ። ከዚያ ያዘጋጀሁትን ድልድይ አስገብቼ በድጋሚ አጠፋሁበት። መብራቱ እንደበራ ቀረ። ሦስት ጊዜ አጠፋሁበት። ቬንትሌተሩንም ዘጋሁበት፣ ዞረ። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ መብራቱን ያየው ነበር።

ሰነዱን ሰጠሁት። አርባ አንድ ገጽ ነው፤ ድልድዩ ሲስተካከል ሃምሳቸው የሚመለስላቸው ትዕዛዞች ዝርዝር። በሦስቱ ዓመት አሥራ ሰባቱንም እድሮች ዞሬያለሁ፤ ዘመን ያለፈባቸውንና ንጹሕ ሰው የሚጎዱትን ዳኞቹ ራሳቸው ሰርዘዋል። የቀረውን እያንዳንዱን መስመር አንብቤዋለሁ።

«ያንብቡት፣ ኢንጂነር።»

«አንብቤዋለሁ» አለ። የመጀመሪያውን ገጽ እንኳ አልገለጠም። የመጨረሻውን ፈልጎ አገኘና ፈረመ። ሲወጣ፣ ብሩህ ልጅ እንደሆንኩ፣ ይህን እንደማይረሳልኝ ነገረኝ። እኔም እንደማይረሳው እርግጠኛ ነበርኩ።

ሚያዝያ አሥራ አንድ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ድልድዩ በከተማዋ በሙሉ ሥራ ጀመረ። ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ ግቢው መሃል ካለው አግዳሚ ከጋሽ ማንያዘዋል አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰባት ሰዓት ሲሞላ የሰፈሩ ድምፅ ሁሉ ተቆረጠ። ቬንትሌተር፣ ፍሪጅ፣ ሊፍት፣ ሬዲዮ። ከዚያ ሙቀት ያስወጣው ሕዝብ አንድ በአንድ በየበረንዳው ብቅ አለ፤ መቶ ሃያ አባወራ፣ በካርቶን እያራገበ።

ሦስት መስኮቶች ግን በርተዋል። ሁለተኛ ፎቅ። አሥረኛ ፎቅ። ስምንተኛ ፎቅ። ጋሽ ማንያዘዋል በጣታቸው ቆጠሯቸው፤ ደግመው ቆጠሯቸው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ አንድ መስኮት እንዲህ ሊበራ ይገባው ነበር። ቀና ብለው ወደዚያ ሲያዩ አየኋቸው።

ሰባት ከሁለት ላይ መኪናው መጣ። በፈረመው ወረቀት አላመነም መሰለኝ፣ በዓይኑ ሊያይ ነው። በሩ ፊት ቆመ። በሩ አልተከፈተም።

በራሱ ባትሪ የሚሠራው የግቢያችን በር የሚናገረው በሟቹ ለፋፊያችን በጋሽ ደምሴ ድምፅ ነው። በሕይወት ሳሉ የቀብር ጥሪ የሚያሰሙበት ድምፅ ነው የተቀዳው፤ ረጅም፣ ቀርፋፋ፣ ሰው ከተኛበት የሚቀሰቅስ።

«ነቢዩ ስመኝ ከእድር የወጣ ነው። በድንኳን ሐሰት ተናግሯል። በር አይከፈትለትም።»

መኪናውን ወደኋላ መልሶ እንደገና መጣ። በሩ ደገመለት። ወርዶ በእጁ ነካው። በሩ ሦስተኛ ጊዜ ነገረው፤ የሞተ ሰው አይሰለቸውም። በየበረንዳው ማራገቡ ቆመ።

በብረቱ መካከል አየኝ። «ፋንታነሽ፣ ስህተት አለ። ክፈችው።»

«ስህተት የለም» አልኩት። «ገጽ ሃያ ዘጠኝ ላይ ነው። አንብበውታል።»

መጀመሪያ አለቃነቱን አወጣ፣ ከሥራ እንደማሰናብትሽ እወቂ አለ። ቀጥሎ ሕግ አወጣ። ጋሽ ማንያዘዋል በበትራቸው ተደግፈው ተነሱና፣ ይህን በር የሚከፍት ቢሮም ዳኛም እንደሌለ፣ የተበደለችው ብቻ እንደሆነች፣ እሷም የምትሰማው መጀመሪያ ሐሰቱ በተነገረበት ግቢ እውነቱ ሲነገር እንደሆነ አስረዱት። እድሩ እዚህ ነው፣ ሁሉም በረንዳ ላይ አለ፣ ድንኳን አያስፈልግህም አሉት።

ይህኔ ከስምንተኛ ፎቅ፣ ከበራው መስኮት፣ የእማማ ዘርፈሽዋል ድምፅ መጣ። ቱቦው ስላለ ቀጭን ነበር፤ ግን ምንም ሌላ ድምፅ ስለሌለ ግቢው ሁሉ ሰማው።

«ነቢዩ፣ ምን አድርገህ ነው?»

ጥያቄው ቀላል ነበር። ቀና ብሎ አያቸው። እስከዚያ ድረስ ቀጥ ያለው ሰውዬ ትከሻው ወረደ።

«አላጋጨሁትም» አለ፣ ለእሳቸው ነው የሚመልሰው። «ሙከራውን በደንብ አላደረግኩም። ቸኩዬ ነበር። መብራቱ ነው የጠፋው። ልጅቷ አልነቀለችም። አልነቀለችም፤ ያኔም አውቄ ነበር።»

ሰዓቴን አየሁ። ሰባት ከስድስት።

አግዳሚው ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚያየው፤ እኔም ሰዓቱን። ፀሐዩ ከበሩ ውጭ ጥላ አይተውም። ሰባት ከአሥር። ኮቱን አወለቀ። ሰባት ከአሥራ ስምንት። መሬት ላይ ተቀመጠ፣ በዚያ ንጹሕ ሱሪው። ከበረንዳዎቹ አንዷ ሴትዮ ምራቋን ዋጠችና ኧረ ውሃ ስጡት አለች፤ ማንም አልሰጠውም። ሰባት ከሃያ ሲሆን የእማዬ ባትሪ አለቀ አልኩ በልቤ። ከዚህ በኋላ ያለው ያ ምንም የሌለበት ሃያ ደቂቃ ነው።

ጋሽ ማንያዘዋል ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። «ተናገረልሽ እኮ፣ ልጄ። ይብቃው።»

«ገና ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ሊፍት ውስጥ ነኝ።»

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ተዉት። ሁለተኛ አልጠየቁኝም።

ሰባት ከአርባ ላይ ቬንትሌተሮቹ መዞር ጀመሩ፣ ሊፍቱ አቃሰተ፣ ሬዲዮው ከተወው ቃል ቀጠለ። ያኔ ተነስቼ ወደ በሩ ሄድኩ፣ እጄን ሰሌዳው ላይ አደረግኩና ሃምሳውን አነሳሁለት። በሩ ተከፈተ። ከመሬት ተነስቶ ኮቱን ከእነ አቧራው ይዞ በአጠገቤ ሲያልፍ አመሰግናለሁ አለኝ። ሊፍቱን አልተጠቀመም፤ ስምንት ፎቅ በእግሩ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ እኔም ወጣሁ። እማማ ዘርፈሽዋል ልጃቸውን ከአልጋው ግርጌ አስቀምጠውታል፣ አያናግሩትም። የምታስታምማቸው ሴት፣ አንድ ሁለት ጎረቤቶችም ነበሩ። ለእኔ ቦታ ለቀቁልኝ። ቦታው ከግድግዳው ጋር፣ ሶኬቱ አጠገብ ነበር። ሄጄ ተቀመጥኩ። ማንም አልተነሳም።

እሱ በሚቀጥለው ቀን መጣ፣ ከዚያም በሚቀጥለው። በሩ ይከፈትለታል። ግን መኪናውን ከሩቅ አቁሞ በእግሩ ይመጣና፣ ከመድረሱ በፊት ቆም ይላል፣ ግቢውን ያያል፣ እኔ መኖር አለመኖሬን ያያል፣ ከዚያ ነው እጁን የሚዘረጋው። ሰሌዳው ላይ ምን እንደጻፍኩለት ሳያየው አልቀረም፤ ዘንድሮ ማንበብ ጀምሯል። ሃምሳውን ሳነሳለት የድሮውን የኃላፊ ሰባ በዚህ በር አልመለስኩለትም። ይከፈትለት ብዬ የጻፍኩት በመቶ ነው። ከመቶ በታች ብዙ የሚዘጋ ቁጥር አለ።